ቁልቢ ላይ በጀርባሽ ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የድሬ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል ሲሉ ሰማሁ። ቀን ቀን አትውጪ፣ ቀፊራ ገበያም ከሄድሽ በጠዋት ሂጂ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

ይሄን የድሮ ፎቶዎቻችንን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ ገና ሰላምታው ሳያልቅ "በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ትያለሽ። ነገሩ ደግሞ ረዘም ይላል። ስለዚህ ጻፍኩት። የልጅ ልጅሽ ቁጭ ብሎ ያንብብልሽ። ስታዳምጪ ቡናም አፍዪ።

ልጁ ከብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ በስልኩ እያነሳ በቴሌግራም ልኮልኛል። ጀርባቸውን እየገለበጠም እንዲያነሳልኝ ነግሬው ነበር። ጀርባቸው ባዶ ነው። አቦ እናንተ ሰዎች! አንድ ሰው እንኳን እርሳስ አንስቶ ዓመተ ምሕረት አይጽፍም? አንዱ ላይ ብቻ "ለማስታወሻ ያህል" ይላል። ማን ለማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠው ግን የለም።

ሰዎቹ ካልነገሩኝ መኪኖቹን ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። አትሳቂ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን ምድር ባቡር ሠርቶ መኪናን ከመጤፍ አይቆጥርም ነበር። እኔ ይሄን ከማን እንደወረስኩት እንጃ። ግን ፎቶዎቹን ልብ ብለሽ እያቸው። መኪና የሌለበት ስንት አለ? ያን ጊዜ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል መጀመሪያ መኪና ይፈልጋል። የራሱ ይሁን የጎረቤት ግድ የለውም። ክርኑን ኮፈኑ ላይ ጣል ካደረገ በቃ፣ ባለመኪና ነው።

የመኪና ደግነቱ ፋብሪካው መቼ መሥራት እንደጀመረ፣ በየትኛው ዓመት ምኑን እንደቀየረ ተጽፎ የተቀመጠ መሆኑ ነው። መብራቱን፣ መስኮቱን፣ የበሩን ማጠፊያ አይተሽ ዓመቱን ትገምቻለሽ። ፎቶ ላይ ያለ መኪና የሚነግርሽ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ፎቶው መኪናው ከመፈጠሩ በፊት ሊነሳ አይችልም። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደተነሳ ግን መኪናው አያውቅም። በተለይ በእኛ አገር አያውቅም። ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የሠርግሽ ፎቶ። አክስቴ ሠርጉ በ1957 ነበር ብላ ስትምል ስንት ዓመቷ ነው? አንቺ ደግሞ "ጥር 1961 ነው፣ የራሴን ሠርግ አልረሳም" ትያለሽ። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ፣ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆማችኋል። አንቺ ከአባዬ ጎን አንገትሽን ደፍተሽ፣ ሚዜዎቹ መነጽር አድርገው። ከኋላችሁ በአበባና በሪባን ያጌጠች ፔጆ አለች።

ፔጆዋ 404 ናት። ይሄን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ የድሬና የሐረር ልጅ ሁሉ ተሳፍሮባታል። ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። ምክንያቱም በዚያ ዘመን የምትመስላት ብዙ ናት። ቅርጿን ያወጣው ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው። ያው ቤት በዚያው ሰሞን ለእንግሊዞቹ ኦስቲንና ሞሪስም ተቀራራቢ ቅርጽ ሠርቶ ሰጥቷል። ፊያት 1800፣ ኦስቲን ካምብሪጅና ፔጆ 404 ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም ጠርዛማ ናቸው፣ ሁሉም ከኋላ ከመብራቱ በላይ ክንፍ ቢጤ አላቸው። የኛዋን የለየኋት በአንበሳው ነው። ፎቶውን በደንብ ስታጎይው የፊት ፍርግርጉ ላይ አንበሳው ይታያል።

እና 404 ወጣች የተባለው መቼ ነው? በፈረንጅ 1960። በእኛ 1952 ማለት ነው። ስለዚህ የአክስቴንም 1957፣ ያንቺንም 1961 እኩል ታሳልፋለች። ምንም አልጠቀመችኝም።

ሌላ አገር ቢሆን ሰዎች "መኪናው ያረጀ ይመስላል ወይስ አዲስ?" ብለው ትንሽ ያጠባሉ። ሐረር ላይ ይሄ አይሠራም። ፈረንሳይ ውስጥ የ404 የቤት መኪና መሠራት ያቆመው በፈረንጅ 1975 ነው። እኛ ጋ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላም ታክሲ ሆና ሰው ጭና የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ውሃ እየጨመሩላት፣ ኮፈኗን ከፍተው እያናፈሷት። አንድ ሰው ዛሬ ጁገል በር ላይ ከ404 ጋር ፎቶ ተነስቶ ጥቁርና ነጭ ቢያደርገው የኔ የልጅ ልጆች "ቅድመ አያታችን በጃንሆይ ጊዜ" ብለው ያወሩለታል። እኛ አገር መኪና አይሞትማ።

ስለዚህ ሙሽራዋን መኪና ትቼ ከጀርባ ያሉትን ማየት ጀመርኩ። ይሄ ነው ትልቁ ዘዴ። ሰው ዓይኑ የሚሄደው ያጌጠው መኪና ላይ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ማንም ሳያስበው ፎቶው ውስጥ የገባው መኪና ላይ ነው። በግራ በኩል፣ ከታላቅ ሚዜው ትከሻ አልፎ፣ የአንዲት ነጭ መኪና ግማሽ ፊት ይታያል። አራት ማዕዘን ሳጥን የመሰለች፣ ክብ የፊት መብራት በየጎኗ አንድ አንድ ያላት። ፊያት 124 ናት። እሷ የወጣችው በፈረንጅ 1966 ነው። አክስቴ የምትለው ጥር 1957 በፈረንጅ ጥር 1965 ማለት ነው። መኪናዋ ገና አልተፈጠረችም!

እንግዲህ ፈረድኩልሽ። አክስቴን ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ ደም ግፊት አለባት።

የአያቴን ፎቶ ደግሞ ላንሳ። ድሬ፣ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከጥቁር መኪና ጋር የቆመበት። እኛ ቤት ይሄ መኪና ሁልጊዜ "የአያታችሁ መኪና" ይባላል። አያቴ ብስክሌት እንኳን እንዳልነበረው አንቺው ነግረሽኛል። መኪናዋ ሲትሮይን ናት፣ ፈረንሳዮቹ ትራክሲዮን አቫን የሚሏት። የፊት ፍርግርጓ ላይ ጫፋቸው ወደ ላይ የሆነ ሁለት ትልልቅ ቀስቶች አንዱ ካንዱ በላይ ተቀምጠዋል። ሰውነቷ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነው። በዚያ ዘመን መኪኖች በር ሥር የተለመደው የእግር መርገጫ እሷ ላይ የለም። በፈረንጅ ከ1934 እስከ 1957 ተሠርታለች። መጠባበቂያ ጎማዋ ከኋላ ከውጭ ተለጥፎ ይታያል። ከ1952 ወዲህ የተሠሩት ከኋላ ሆዳቸው ነፋ ብሎ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ይቺ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት፣ በእኛ ከ1944 በፊት መሆኑ ነው።

የፈረንሳይ መኪና ድሬ ባቡር ጣቢያ በር ላይ መቆሙ አይገርምም። ባቡሩ የፈረንሳዮች ኩባንያ ነበር፤ ከተማዋም ራሷ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው የተወለደችው። ምናልባት የአንዱ ሹም መኪና ነው። አያቴ ሹሙ ቢሮ ገብቶ ሳለ ቶሎ ብሎ ተነስቶ ይሆናል። እጁ ኮፈኑን አልነካውም፣ አየሽ? ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። የራሱ ቢሆን ይደገፈው ነበር። ፀጉሩ ላይ ሽበት የለም። ሽበት ያወጣው መቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄን ከነገርሽኝ የላይኛውን ጫፍም አገኘሁት ማለት ነው።

ድሬ፣ ከዚራ መንገድ ላይ የተነሳው ሌላ ነው። ማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ሁለት ጎልማሶች ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆመዋል። ከኋላቸው መኪኖች ይሄዳሉ። እዚህ ፎቶ ላይ የመኪናው ዓይነት አላስጨነቀኝም። የሚሄዱት በግራ በኩል ነው! መጀመሪያ ፎቶው ተገልብጦ የታጠበ መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያ ያጋጥማል። ግን የሱቁ ጽሑፍ በትክክል ይነበባል። ያልተገለበጠ ፎቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተቀየረው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይሄ ፎቶ ከዚያ በፊት መነሳቱ የተረጋገጠ ነው። እንደሌሎቹ "ከዚህ ወዲህ" አይልም፣ "ከዚህ በፊት" ይላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ብርቅ ነው።

አንቺ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ሐረር። ግራና ቀኙ የተቀየረ ሰሞን ምን ይመስል ነበር? ሰው ተደናግሮ ነበር? ጋሪ ነጂዎቹስ? ይሄን አንድ ቀን እንኳን አውርተሽልን አታውቂም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ ልጁም ይስማ። መሪው በቀኝ ስለሆነ ብቻ "ይሄ የግራ መንዳት ዘመን ነው" ማለት አይቻልም። የአጎቴን ኤንትሬ፣ የፊያቱን ከባድ መኪና፣ እይው፣ ደንገጎ መታጠፊያው ላይ ከነተሳቢው የቆመውን። መሪው በቀኝ ነው። ጣሊያኖቹ የከባድ መኪኖቻቸውን መሪ ለረዥም ጊዜ በቀኝ ነበር የሚያደርጉት። ነጂው ተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ ነው ይባላል። ደንገጎን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ማስረዳት አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ አጎቴ በዚያ ፎቶ ላይ እንዴት ያለ ቆንጆ ነበር! ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ። ሚስቱ ይሄን ፎቶ አይታዋለች?

ሰይቼንቶዋ ውስጥ የተቀመጥሽበትን ቶሎ ልለፈው። በሩ የተከፈተው ወደ ኋላ ነው፤ ማጠፊያው ከኋላ በኩል ነው ማለት ነው። ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ በፈረንጅ ከ1955 ተነስቶ እስከ 1964 ድረስ በሩ እንደዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ሌላው መኪና ሆነ። የተማሪ ቤት ልብስሽም ከዚህ ጋር ይስማማል። የማይስማማው የተቀመጥሽበት ቦታ ነው። መሪው ፊት ነሽ! "እኔ መኪና ነክቼ አላውቅም" የምትይን ነገርስ? ለዚህኛው መልስ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የቁልቢው ፎቶ። ወንድሜ አስጎልቶ፣ ፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ ላይ የሰቀለው። አንቺ ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ ልጅ አዝለሽ፣ በእጅሽ የተጠቀለለ ጥላ ይዘሽ። አባዬ ካፖርት ለብሶ ከጎንሽ። ወንድሜ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይሄ በእናቴ ጀርባ ያለሁት እኔ ነኝ፣ የስለት ልጅ ነኝ" ይላል። አንቺም "አዎ እሱ ነው" ብለሻል። እኔም ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ይሄን አምኜ ኖርኩ።

ፎቶው ቀኑን ራሱ ይናገራል። ቁልቢ ገብርኤል የሚነግሠው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19። ይሄ ሐምሌ አይደለም። መሬቱ ደረቅ ነው፣ የሰው እግር አቧራ አንስቷል። ከጀርባ ያለው ማሳ ላይ የማሽላው አገዳ ታጭዶ ተከምሯል። ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቧል። ታኅሣሥ ነው። የቀረው ዓመቱ ነው።

ከኋላችሁ የቆሙት መኪኖች በረከት ናቸው። አንድ ኤንትሬ አለ፣ ምእመናን ጭኖ የመጣ፣ ሰው ገና ከላዩ እየወረደ። አንድ 404 አለች። አንድ ላንድሮቨር አለ፣ የፊት መብራቶቹ ተጠጋግተው መሐል ፍርግርጉ ጋ የተቀመጡ። ላንድሮቨር መብራቱን ወደ ጎንና ጎን ወደ ፓራፋንጎው፣ ጎማውን ወደሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ያወጣው በፈረንጅ 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ይሄኛው አሮጌው ነው። ወንድሜ ይሄን ቢሰማ "አየሽ፣ የኔ ጊዜ ነው" ይላል። ግን አሮጌ መኪና ምንም አይመሰክርም። አሮጌ መኪና አዲስ ፎቶ ላይ መቆም ይችላል። መጠየቅ ያለበት ከሁሉም አዲሱ ነው።

ከሁሉም አዲሱ ዳር ላይ ያለችው ቮልስ ናት። ፊቷን አዙራለች፣ የምትታየው ከኋላ ነው። ቮልስን ሰው ሁሉ "አንድ ዓይነት ነው፣ ተቀይሮ አያውቅም" ይላል። ሐሰት ነው። ቅርጹ ነው ያልተቀየረው፣ ጥቃቅኑ ነገር በየጊዜው ሲቀየር ነው የኖረው። መጀመሪያ የኋላ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ በፈረንጅ እስከ 1953 መጀመሪያ። ከዚያ አንድ ሞላላ ሆነ። በፈረንጅ ከ1957 አጋማሽ በኋላ ሰፊ አራት ማዕዘን ሆነ። የኋላ መብራቱም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ትናንሽ፣ ቀጥሎ ሞላላ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ። በመጨረሻ፣ በፈረንጅ ነሐሴ 1972 ላይ፣ ትልልቅ ክብ ሆነ፣ የሻይ ሰሃን የሚያካክል። ቁልቢ የቆመችው ቮልስ መብራት ያ ትልቁ ክብ ነው። ደጋግሜ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ጎን ይታያል፣ አንዱ ላይ ፀሐይ አብርቶበታል።

ወንድሜ "መብራት ይቀየራል" ማለቱ አይቀርም። እሱ ተከራካሪ ነው። ግን ያ መብራት አሮጌው ፓራፋንጎ ላይ እንዲሁ አይገጥምም፣ ፓራፋንጎው ራሱ ተቀይሯል። ቁልቢ ለመሄድ ብሎ የመኪናውን ሁለት ፓራፋንጎ የሚቀይር ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

እንግዲህ ቁጠሪ። ነሐሴ 1972 በእኛ የ1964 ማለቂያ ነው። መኪናዋ በመርከብ ጅቡቲ ደርሳ፣ ተራግፋ፣ ተሸጣ ቁልቢ እስክትወጣ ድረስ ቶሎ ቢባል ቶሎ ታኅሣሥ 1965 ነው። ወንድሜ የተወለደው ጥቅምት 1962 ነው። ያኔ ሦስት ዓመት አልፎታል። በጀርባሽ ያለው ሕፃን ግን ጭንቅላቱ ከትከሻሽ በታች ነው፣ እግሩ አንቀልባው ውስጥ ገብቶ አይታይም። ሦስት ዓመት የሞላው ወንድሜን፣ ያን ጉልቤ፣ ማን በአንቀልባ ያዝለዋል?

እኔ የተወለድኩት መጋቢት 1966 ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1967 የዘጠኝ ወር ልጅ ነበርኩ። ከኔ በኋላ ደግሞ አልወለድሽም።

1967 ታኅሣሥ ማለት ጃንሆይ ከወረዱ ገና ሦስት ወር አልፎ ነው። አገሩ ታምሷል። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ይፈራ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። አንቺ ያን ዓመት ልጅ አዝለሽ፣ ጥላ ይዘሽ፣ ደንገጎን ወጥተሽ ቁልቢ ሄድሽ ማለት ነው። ለምን? ጥላ ስለት ነው። ማንም ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብሎ ጥላ አይዝም። የምን ስለት ነበር? ወንድሜ ሲወለድ የተሳልሽው ቆይቶ ነው ወይስ የኔ ነው? ታምሜ ነበር? አክስቴ አንድ ጊዜ "አንቺማ ገና አራስ ሳለሽ ተስፋ ተቆርጦብሽ ነበር" ብላኝ አንቺ ስትገቢ ወሬውን ቀየረችው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ረሳሁት። አሁን ግን ያ የቮልስ መብራት አስታወሰኝ።

ቀሚስሽ ጥለቱ ሰፊ ነው። ሐረር፣ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያሰፋሽው ይመስለኛል። ያን ቀሚስ መቼ እንዳሰፋሽው ታውቂ ይሆናል። አንቺ ዓመት ትረሻለሽ እንጂ ልብስ አትረሺም። አባዬ የለበሰው ካፖርትም የማን እንደሆነ ንገሪኝ፣ ትከሻው ሰፍቶታል።

ልጁ አሁን የሚሠራውን ልንገረው። ይሄን ፎቶ እንደገና ያንሳልኝ። በጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታርፍበት። ፍላሽ አያብራ፣ ፍላሽ ፎቶውን ነጭ ያደርገዋል። ስልኩን ከላዩ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ለየብቻ፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ ታርጋውን። አልበሙ ላይ የተጣበቁትን በግድ እንዳይልጥ፣ ከነአልበሙ ያንሳቸው። ፎቶ ቤት እንዳይወስዳቸው። እዚህ አዲስ አበባ አንዱን "አጽዳልኝ" ብዬ ሰጥቼ መኪናውን ሰማያዊ ቀብቶ፣ የአጎቴን ፊት አልስልሶ፣ ታርጋውን አጥፍቶ መለሰልኝ። ገንዘብም ከፈልኩ።

የስልክ መተግበሪያም አትመኑ። ፎቶ ታሳዪዋለሽ፣ ሳያፍር ስም ይሰጥሻል። የሠርግሽን 404 ዛሬ ኦስቲን ነው ካለኝ ነገ ፊያት ነው ይለኛል።

ቆርቆሮውን ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂው። ጣራው ሥር ሙቀቱ ያቃጥለዋል። መሬት ላይም አታስቀምጪው። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ፎቶ ማውራት ነውር ነው፣ ግን ስንት ቤት የአያት የቅድመ አያት ፎቶ በዚያች ሌሊት ሄዷል። የኛዎቹ ዳር ዳራቸው ቡናማ የሆነው ያኔ ነው። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን። ስም ስትነግሪው ልጁ ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ ሳይጫን። እስክርቢቶ ወደ ፊት ያልፋል።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የድሬውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጡት ሙሸበክ አይደለም።

ያልኩሽን አስቢበት። ስትመልሺ ልጁ ድምፅሽን ይቅዳና ይላክልኝ። የሰይቼንቶዋን ነገር ብታልፊው እንኳን የቁልቢውን አትለፊው። ስለቱ የኔ ከነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ዘንድሮ ታኅሣሥ እመጣለሁ፣ አብረን እንወጣለን። ጉልበትሽ እንቢ ካለ መኪናው በር ድረስ ያደርሰናል።

ለወንድሜ ግን ለጊዜው ምንም እንዳትነግሪው። ፎቶውን ከሳሎን አውርዶ ይደብቀዋል። ይሄን የሚያነብልሽ ደግሞ የገዛ ልጁ ነው፣ ስለዚህ ላባቱ እንዳይናገር በቁልቢ ገብርኤል አስምዪልኝ።

ጉንጮችሽን እስማለሁ።

ልጅሽ